ያነክስ ነበር

አዳማ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ከቤት መውጣትን የሚከለክለው የእገዳው ፊሽካ ይነፋል። ከዚያ በኋላ እስኪበርድ ድረስ መንገድ ላይ ሰው አይታይም። ሱቆች ይዘጋሉ፤ ባጃጆች ጥላ ፈልገው ይደረደራሉ፤ ሕዝቡ ቤቱ ገብቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ፊልም ከሚያሳየው ግድግዳ ፊት ይቀመጣል። እገዳው ሲታወጅ ያጉረመረመ ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለዱት ግን ቀትር ሲባል ፊልም የሚታይበት ሰዓት ከመሆን ሌላ ትርጉም ያለው አይመስላቸውም።

ግድግዳው ተመልካቹን ያውቃል፤ ፊልሙንም ለእሱ እንዲስማማ ይለውጣል። ሐዘን የገባበት ቤት ከሆነ በፊልሙ ውስጥ የሚሞት ሰው አይኖርም። ባልና ሚስት ተኳርፈው ከተቀመጡ ታሪኩ በእርቅ ያልቃል። በዚህ የተነሳ ቀትር ላይ ያየውን ፊልም ማታ ለጎረቤቱ የሚያወራ ሰው ጠፍቷል፤ ጎረቤቱ ያየው ሌላ ነውና። "ጥሩ ነበር?" "ጥሩ ነበር" ተባብሎ መለያየት ነው።

ኤልዳና ቤት ግን እሁድ እሁድ የሚታየው ፊልም አንድ ነበር፤ አይለወጥም። ኤልዳና ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከባሏ ከተለያየች በኋላ ጠቅልላ እናቷ ቤት ገብታለች። ከፊሽካው በፊት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ከፊሽካው በኋላ እናቷን ትንከባከባለች። እሁድ ሲሆን ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ዲስክ ታወጣለች፤ ከአባቷ የቀሩትን ማጫወቻና አሮጌ ቴሌቪዥን ታገናኛለች፤ ከዚያ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ፊልሙ እንደ ፊልም የሚወራለት አልነበረም። አንድ ጎረምሳ ፍቅረኛው ከድታው ከተማ ለከተማ እየዞረ ያለቅሳል። ከሚያለቅስባቸው ቦታዎች አንዱ ግን የእነሱ መንደር ነው። ኤልዳና ያኔ ሕፃን ነበረች። አባቷ ሙሉቀን በዚያ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበር። ቀረጻው ሲጀመር መንገዱን ማንም እንዳያቋርጥ ለሰፈሩ ሰው ተነግሯል፤ ለሙሉቀንም ተነግሮታል። እሱ ግን ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብሎ የተጠገነውን ጎማ በትከሻው ተሸክሞ፣ እያነከሰ፣ ከሚያለቅሰው ጎረምሳ ጀርባ አቋርጦ ሄደ። አዘጋጁ ተቆጥቶ እንደገና ሊያስቀርጽ ነበር፤ ኋላ ቁጭ ብሎ ሲያየው ወደደውና ተወው። ፊልሙ ሲያልቅ ለማካካሻ ይሁን ለምስጋና አንድ ዲስክ ይዞለት መጣ።

ሙሉቀን ያነክስ የነበረው በወጣትነቱ የጭነት መኪና ክሪክ አምልጦ እግሩን ስለሰበረው ነው። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በስልክ የተቀረጹት ቪዲዮዎች ስልኮቹ ጊዜ ሲያልፍባቸው አብረው ሄደዋል። የፊልሙ ሌላ ቅጂ የትም አልተገኘም፤ ሲራመድ የሚታይበት ምስል በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ብቻ ነበር።

እናቷ ቃልኪዳን ማስታወስ ከተሳናት ቆይቷል። ኤልዳናን አንዳንዴ እህቴ ትላታለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ሠራተኛ መስላት ታመሰግናታለች። ጎረምሳው መንገዱ ዳር ቆሞ ማልቀስ ሲጀምር ግን ቀና ትላለች። ሰውየው ጎማውን ተሸክሞ፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል እያለ ብቅ ሲል፣ "መጣ" ትላለች። ሌላ ምንም አትልም። ከዚያ በኋላ ምሳዋን ትበላለች፤ ልጆቿን በስማቸው ትጠራለች፤ ያ ቀን ደህና ይውላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለውን ኤልዳና የምትችለው ያን እሁድ እያሰበች ነበር።

ችግሩ ማጫወቻው መብራት መብላቱ ነበር። በእገዳው ሰዓት ለየቤቱ የሚመጣው መብራት ከማቀዝቀዣውና ከግድግዳው አያልፍም፤ ማጫወቻው እንዲሠራ ማቀዝቀዣው መጥፋት ነበረበት፤ ማታ ሲከፈትላት ደግሞ ቃልኪዳንን እንቅልፍ ይወስዳታል። ግንቦት ውስጥ አንድ እሁድ እናቷ ፊልሙን እያየች በሙቀቱ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውሃ ሲፈስባት ነቃች እንጂ የኤልዳና ልብ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ዲስኩም ቢሆን እያረጀ ነበር። ጠርዙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበት፣ ምስሉ እየቆመ፣ አንዳንዴ ሙሉቀን መንገዱ መሃል ጎማውን እንደተሸከመ ደርቆ ይቀራል።

ወንድሟ ናሆም ማቅለል አለብን ያለው ያኔ ነው።

ማቅለል ማለት የዲስክን ፊልም ግድግዳው እንዲጫወተው አድርጎ መለወጥ ነው። ናሆም ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ነገር ማንዛዛት አይወድም። ዲስኩ በራሱ ጊዜ መሞቱ አይቀርም፣ እማዬም በሙቀቱ ትሞትብናለች፣ ቀልሎ ከገባ በፈለገችው ቀን ማቀዝቀዣው ሳይጠፋ ታየዋለች ብሎ አስረዳ። ኤልዳና ሁሉም እውነት መሆኑን ታውቃለች። እምቢ ያሰኛት አንድ ነገር ነበር። ማቅለያ ጣቢያው ዲስኩን ካነበበው በኋላ አይመልስም፤ ይፈጨዋል። አንድ ፊልም በሁለት ቦታ መቀመጥ አይፈቀድለትም።

ለሳምንታት አወጣች አወረደች። ጎረቤታቸው እትዬ ሊዲያ የሠርጓን ዲስክ አቅልላ ስለነበር ሄዳ ጠየቀቻት። ሊዲያ እጇን አንስታ መረቀች። ከእውነተኛው ሠርግ ይልቅ አምሮ መጣልኝ አለች፤ ያን ቀን የወረደው ዝናብ ጠፍቶ ፀሐይ ሆኗል፤ የአማቷ ኩርፊያም ጠፍቷል። ኤልዳና ቤቷ ስትመለስ ያ የዝናቡ ነገር ትንሽ ከነከናት። በማግስቱ ግን እናቷ እንደገና በሙቀቱ ራሷን አዞራት። ኤልዳና ዲስኩን በጨርቁ ጠቅልላ ወደ ጣቢያው ሄደች።

የተቀበለቻት ጥሩወርቅ የምትባል ወጣት ናት፤ የአያት ስሞች እንደገና ተወዳጅ በሆኑበት ጊዜ ከተወለዱት አንዷ። ትሁት ልጅ ናት። ሙሉ ፊልሙ ከአንድ ዘፈን ያነሰ ቦታ እንደሚይዝ፣ ምስሉም ከመጀመሪያው የጠራ እንደሚሆን ነገረቻት። ኤልዳና ቆማ ጠበቀች። ዲስኩ ሲፈጭ ከመጋረጃው ጀርባ ጨው የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ዝም አለ።

እሁድ ናሆም መጣ። ማቀዝቀዣው እየሠራ፣ ቤቱ ቀዝቅዞ፣ ፊልሙ በግድግዳው ሙሉ ተከፈተ። ጥራቱ ለጉድ ነበር። ድሮ ነጭ ጭረት ይመስል የነበረው የአባታቸው ሰሌዳ ላይ "ጎማ እንጠግናለን" የሚለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጎረምሳው ማልቀስ ጀመረ። ሙሉቀን ብቅ አለ። ፊቱ በዲስኩ ላይ ጥላ ብቻ ነበር፤ አሁን ቅንድቡ፣ ጢሙ፣ በላቡ የረጠበው አንገቱ ሳይቀር ታየ። ናሆም እንባው መጣ። ኤልዳናም ልታለቅስ ነበር፤ ግን የሆነ ነገር ያዛት። የምታየው አባቷ ነው፤ ሆኖም ቶሎ አለፈ። ጎማውን ተሸክሞ፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ወታደር እየተራመደ አለፈ።

እናታቸው ወደ ግድግዳው ጎንበስ ብላ እግሩን አየች።

"ዳነ" አለች። "እግሩ ድኖለታል።"

ናሆም ሳቀ፤ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ሳማት። ኤልዳናም ከእሱ ጋር ሳቀች። እናታቸው ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ ደስ ብሏት ዋለች። ማታ ራት ሲቀርብ አንድ ሳህን ጨምሪ አለች። ለማን እንደሆነ ሲጠይቋት ለአባታችሁ ነዋ አለች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ነገሩን እንደ እርጅና ቆጠሩት። በዲስኩ ጊዜ እናታቸው ሙሉቀን የት አለ ብላ ጠይቃ አታውቅም ነበር። እያነከሰ ሲያልፍ ማየቱ ይበቃት ነበር፤ የት እንደሚሄድም የምታውቀው ይመስል ነበር። አሁን ግን መጠበቅ ጀመረች። የበሩ እጀታ ሲነካ ቀና ትላለች። የገባችው ኤልዳና መሆኗን ስታይ ፊቷ ይወድቃል። አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፦

"እግሩ ከዳነ ለምን አይመጣም? ያኔ እንኳ፣ ታሞ እንኳ፣ እየጎተተ ይመጣ ነበር።"

መልሱንም እናቷ ራሷ አገኘችው። ሌላ ሴት ይዟል አለች። ሴቲቱንም ታውቃታለች፤ ከጎማ መጠገኛው አጠገብ ሻይ ትሸጥ የነበረችው ናት። ሻይ ሻጯ ከሙሉቀን በፊት የሞተች፣ ልጆቿን ቃልኪዳን ራሷ ያጽናናች ሴት ነበረች። በትዳራቸው ዘመን በሁለቱ መካከል የዚህ ዓይነት ወሬ ተነስቶ አያውቅም። አሁን ግን ቃልኪዳን የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ለኤልዳና ሰጠቻትና ለዚያች ውሰጂላት አለቻት። ምግብ ቀነሰች። ሌሊት የተኛች መስላ የምታለቅሰውን ኤልዳና ከጎኗ ተኝታ ትሰማለች።

ግድግዳውም ያያል። የእናቷ ፊት መጥቆሩን አይቷል፤ ፊቷ የሚበራውም ፊልሙ ውስጥ ያ ሰውዬ ሲመጣ እንደነበር ያውቃል። በሦስተኛው እሁድ ሙሉቀን መንገዱን ካቋረጠ በኋላ ተመልሶ መጣ። በአራተኛው እሁድ መሃል መንገድ ላይ ቆመ፤ ጎማውን አወረደ፤ ወደ እነሱ ዞሮ ፈገግ አለ። ጎረምሳው ከጀርባው ሆኖ ያለቅሳል። ኤልዳና አባቷ እንዲህ ጥርሱን አሳይቶ ሲስቅ አይታ አታውቅም።

"እየሳቀብኝ ነው" አለች እናቷ፤ ወንበሯንም አዙሪልኝ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ኤልዳና ሰኞ ማለዳ ጣቢያው በር ላይ ነበረች። ጥሩወርቅ ፊልሙን አስመጥታ አየችውና ስህተት የለበትም አለች። ሰውየው ሲራመድ ከፍ ዝቅ ይል የነበረው እንደ ምስል መንቀጥቀጥ ተቆጥሮ ተስተካክሏል፤ ዲስክ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይንቀጠቀጣልና ሥራው ያን ማስተካከል ነው።

"መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ያነክስ ነበር" አለች ኤልዳና።

ልጅቷ አዘነችላት፤ የእውነት ነው ያዘነችው። "ችግር የለውም እትዬ፣ ማነከስ ይጨመርለታል" ብላ ጠረጴዛዋ ላይ የሚያነክሱ ሰዎች ምስል አሳየቻት። ረጅም አሉ፣ አጭር አሉ፣ እግራቸውን የሚጎትቱ፣ እንጣጥ የሚሉ፣ በዱላ የሚሄዱ። ሁሉም በአንድ ነጭ ወለል ላይ ይመላለሳሉ። "የትኛውን ይመስላል? ለመጀመር ግን እግሩን ይንገሩኝ። ቀኝ ነው ግራ?"

ኤልዳና አፏን ከፈተች። ግራ ልትል ነበር። አባቷን በሐሳቧ ጠራችው፤ መጣ። ጎማውን ተሸክሞ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። እንደገና ከሌላ ቦታ ጠራችው፤ ከቤታቸው ደጅ፣ ከልጅነቷ፣ ትምህርት ቤት ሊወስዳት ሲመጣ። ከዚያም ቀጥ ብሎ መጣ። እጁን ይዛ ስትሄድ እጁ ወደ ላይና ወደ ታች ይላት እንደነበር ታውቃለች፤ ታውቃለች እንጂ አይታያትም።

ለናሆም ደወለች። ቀኝ ነው አለ ሳያመነታ። ጎማውን በቀኝ ትከሻው ነው የሚሸከመው፣ ስለዚህ ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው አለ። ኤልዳና እሱማ በደህናው በኩል ይሸከማል እንጂ በታመመው አይሸከምም አለችው። ተሟገቱ። በመጨረሻ ናሆም ድምፁ ተለወጠና፣ "ኤልዳ፣ አሁን ሳስበው የሚታየኝ ያኛው ነው" አላት። ያኛው ማለቱ የግድግዳው ነው። ኤልዳና ጥሩወርቅን አመስግና ወጣች፤ አንዱንም አልመረጠችም።

ቤት ስትደርስ ፊሽካው እየተነፋ ነበር። ናሆም ሥራውን ጥሎ ከኋላዋ ደረሰ፤ በሩ ሲዘጋ ሦስቱም ውስጥ ቀሩ። እናታቸው እንደ ትናንቱ ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታለች። ናሆም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዝም ብለን አንዱን እንምረጥ፣ ልዩነቱን አታውቀውም አለ። ኤልዳና ሄዳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አባዬ የሚያመው የትኛው እግሩ ነበር?"

"እሱን እዚያች ጋ ሄደሽ ጠይቂ።"

"እሷ አታውቅም። እኔም ረሳሁት። ናሆምም ረሳው።"

ቃልኪዳን ልጇን አየቻት። ስንት ጊዜ ረሳሽ ስትባል ቆይታ ሌላ ሰው ረሳሁ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ላላ ብሎ የእናት መደንገጥ መጣ። "እንዴት ይረሳል?" አለች፤ ወቀሳ አልነበረም። የወንበሩን ክንድ ተደግፋ ተነሳች። ናሆም ሊይዛት ሲል በእጇ ከለከለችው።

ቀኝ ትከሻዋን ትንሽ ከፍ አደረገች፤ በላዩ ከባድ ነገር ያለ ይመስል አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አደረገች። ከዚያ ሄደች። ግራ እግሯን በጣቱ አስቀደመች፤ እንደማቆም አለች፤ ዳሌዋ ዘግይቶ ተከተለ፤ ቀኙ ፈጠን ብሎ አለፈ። አይጎትትም፣ እንጣጥ አይልም። እግሩን የሚያስፈቅድ ሰው አካሄድ ነው። ከእናታቸው ቀሚስ ሥር አባታቸው እየሄደ ነበር። ናሆም ሳያስበው ስልኩን አውጥቶ አነሳ። ኤልዳና አየችው። ስልኩም ገና ሲቀርጽ እንደሚያስተካክል ሁለቱም ያውቃሉ። ናሆም ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ውስጥ መለሰው።

ቃልኪዳን በሩ ጋ ደረሰች። እንጨቱን ይዛ ዞረች፤ ትንፋሿ አጥሯል። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ፊት ለፊት አየችው። ጠፍቷል፤ ባዶ ነው፤ እሷ ግን የምትናገረው ለእሱ ነበር።

"ሙሌ እንዲህ ነው። ያ ሰውዬ ማነው?"

እጇን ከበሩ አላነሳችም። ዓይኗ ከናሆም ወደ ኤልዳና ሄደ።

"ሙሌ ሞቷል አይደል?"

ናሆም ለኤልዳና ራሱን በትንሹ ነቀነቀላት፤ አትንገሪያት ማለቱ ነው። ኤልዳና አይታዋለች።

"አዎ እማዬ። ሞቷል።"

እናታቸው በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። የጮኸችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አጭር ጩኸት። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደፊትና ወደኋላ እያለች፣ ዛሬ መርዶ የተረዳች ሴት እንደምታለቅሰው አለቀሰች። ኤልዳና አጠገቧ ተቀምጣ አቀፈቻት። የአባታቸው ለቅሶ እንደገና ቤታቸው ገባ፤ እገዳ ነውና የሚደርስላቸው ጎረቤት አልነበረም።

ብዙ ቆይቶ፣ ለቅሶው ወደ ትንፋሽ ሲለወጥ፣ ናሆም ተናገረ። "ብትጠብቀው ይሻል ነበር" አለ። "ብትናደድበትም በሕይወት አለ ብላ ነበር።"

ኤልዳና እናቷን አቅፋ እንደያዘች አሰበችበት። ልክ ሊሆን ይችላል። ነገ እናቷ ዛሬን ትረሳዋለች፤ ግድግዳው ግን አይረሳም። እሁድ ይመጣል፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ምናልባት በዚህኛው እሁድ ይናገራል።

"ፊልሙን ከነጭራሹ አጥፋው" አለችው።

"ፊቱስ?" አለ ናሆም። "ኤልዳ፣ ሌላ የለንም። ዲስኩ ተፈጭቷል።"

"ፊቱን አስታውሰዋለሁ።"

ማስታወሷን እርግጠኛ አልነበረችም። ያስታወሰችው ፊት የጠራው ፊት፣ የሚስቀው ፊት ሊሆን ይችላል። ናሆም ተነስቶ ግድግዳውን አብርቶ ከፊቱ ቆመ። ግድግዳው፣ "እርግጠኛ ነህ?" ሲል ጠየቀው። ቀጥሎ ይህ ሰው በዚህ ቤት የሚወደድ ሰው መሆኑን ጠቅሶ እንደገና ጠየቀው። ናሆም ሁለቴም አዎ አለ። አጠፋው። ግድግዳው የልስኑን ቀለም ይዞ ቀረ፤ ከዚያ ናሆም ወደ ጓዳ ገብቶ ውሃ ሲቀዳ ተሰማ፤ ለረጅም ጊዜም አልወጣም።

ኤልዳና ተነሳች። ቀኝ ትከሻዋን ከፍ አደረገች፤ ግራ እግሯን በጣቱ አስቀደመች። ከበሩ እስከ ወንበሩ ሄደች። እናቷ ከመሬት ሆና፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ተከታተለቻት።

"ትንሽ ዘግየት አድርጊው" አለች። "አትቸኩይ። እሱ አይቸኩልም ነበር።"

ኤልዳና ተመልሳ ከበሩ ጀመረች።